እህቴን ከወረፋው ፊት ሳስቀምጥ

የእህቴን ጥርሶች አንድ በአንድ የነቀልኳቸው እኔ ነኝ። ከታች ከፊት ጀመርኩ፤ ከዚያ የላዮቹን፤ በመጨረሻ መንጋጋዎቹን። ጠላቷ አልነበርኩም። ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ለዚያውም ተሸላሚ ጤና ረዳት።

በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። «በዕድሜ ብቻ ነዋ» እያለ የሚያርመኝ ሰው በሕይወቴ ሙሉ አላጣሁም። ሕፃን ሳለሁ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ገበያ ስትወጣ እኔን ለእሷ ትታ ነበር የምትሄደው፤ አንድም ቀን ጥላኝ አታውቅም። የዓይኖቿ ጫፍ ወደ ላይ ሳብ ያለ፣ አንገቷ አጠር ያለ፣ ምላሷ ለአፏ የሰፋ ነበረች። ዳውን ሲንድረም የሚባለውን ስም ያኔ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሕክምና ስማርም አንድ ቀን አልተነሣም። ደግ ሰው «የዋህ ናት» ይላል፤ ክፉው «ሞኝ» ይላል። እኛ ቤት ታላቅ እህት ስለሆነች እታለም ነበር የምንላት።

ስመረቅ የተመደብኩት መተማ ቆላ ነው፤ ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ አንድ የመንግሥት እርሻ ነበር፣ የእርሻው ክሊኒክ ውስጥ። አባታችን ሞቶ ስለነበር እናቴንና እታለምን ይዤ ከደጋ ወረድኩ። ክሊኒክ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ውስጡ የዋለ ሰው እንደ ዳቦ ይጋገራል። ሥራዬ በአብዛኛው ወባ ነበር፤ አልፎ አልፎ የእባብ ንክሻ፣ የማጭድ ቁስል። ስለ ጥርስ የተማርኩት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሁለት ጉጠት ነበረኝ። የጥርስ ወንበር ስለሌለ የእርሻው ጋራዥ ከተበላሸ ትራክተር ላይ መቀመጫውን ፈትቶ፣ የብረት እግርና የክንድ መደገፊያ በይዶ ሰጠኝ። እታለም ወንበሩን በጣም ወደደችው። ሰው በሌለ ሰዓት ገብታ ትቀመጥበትና መሪ እንደያዘ ሰው እጇን ታዞር ነበር።

እርግጥ ጥርሶቿ ቀድሞም ታመው ነበር። ቆላ በወረድን በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት መፋቂያዋ ደም ነክቶት አየሁ። ድዷን ገልጬ ሳየው ቀልቷል፣ አብጧል። እኔ አዋቂው ወዲያው ፈረድኩ።

«መፋቂያው ነው ያቆሰላት። ከእንግዲህ ይቅርባት» አልኩ።

እናቴ ነጭ ጋውን ከለበስኩ በኋላ የምናገረውን ሁሉ እንደ ቃለ እግዚአብሔር ትቀበል ነበር። መፋቂያውን በሙሉ ሰብስባ እሳት ውስጥ ጨመረችው። እታለም አንድ ሁለት ጊዜ ከአጥር ላይ ቀጭን እንጨት ቆርጣ ልትፍቅ ስትሞክር እናቴ እጇን መታቻት። ከዚያ ተወችው። ደሙ የቀነሰ መሰለን፣ ስለማይታይ። ሌላ ዓመት ሳይሞላ የታች የፊት ጥርሶቿ መነቃነቅ ጀመሩ፤ በምላሷ እየገፋች ትስቅ ነበር።

የዚያ ዓመት ሰሊጥ ደረሰ። ሰሊጥ ቀኑ ከደረሰ ማንንም አይጠብቅም፤ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ከጎጃምም ከወሎም ሰው በመኪና እየተጫነ ይመጣል፤ ሜዳ ላይ ያድራል፣ የማሽላ ቂጣ ይበላል፣ የኩሬ ውሃ ይጠጣል። ጥርሱን የሚያመው ብዙ ነበር። የእርሻው ካድሬ በየጠዋቱ በክሊኒኩ በር ብቅ ይልና «ጓድ፣ ዛሬ ስንት ሰው ወደ ማሳ መለስክ?» ይለኛል። ስንት ሰው አዳንክ ብሎኝ አያውቅም።

ሰዎቹ ደግሞ ወንበሩን ይፈሩታል። እባብ በዱላ የሚገድለው፣ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ የሚያጭደው ጎልማሳ ጉጠቱን ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። ወረፋ ይዘው ይቆዩና ከፊታቸው ያለው ሰው ሲጮህ ሲሰሙ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ፊታቸው አብጦ ዛፍ ሥር ተኝተው ይውላሉ። ካድሬውም እኔ ላይ ይጮሃል።

አንድ ቀን አንድ የጎጃም ሰው፣ ቁመቱ በሩን የሚሞላ፣ አፉን ከፍቶልኝ ሳለ ጉጠቱን ሳነሣ ብድግ ብሎ ወጣ። ከኋላው የነበሩትም ወደ ኋላ አሉ። እታለም ግቢውን እየጠረገች ነበር። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔን» አለችኝ፣ አፏን ከፍታ።

የምትነቃነቀውን ጥርስ ያዝኩና ሳብ አደረግኳት። ትንሽ ነበር የታገለችኝ፤ ወጣች። እታለም አልጮኸችም። ደሟን ተፋችና፣ ከሱዳን ነጋዴዎች የለመደቻትን፣ «አለቀ» ማለት የሆነውን ቃል ጮክ ብላ አለች፤ «ኸላስ!»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ወደ ኀፍረት ዞረ። የጎጃሙ ሰው ተመልሶ ገባ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! ይቺ ያልፈራችውን እኔ ልፍራ?» ብሎ ተቀመጠና ወንበሩን ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን አንድም ሰው ከወረፋው አልጠፋም። ካድሬው ማታ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ለእታለም ፊቷን እያጠብኩላት «ጎበዝ! ዝም ማለትሽ ነው ትልቁ ሥራ» አልኳት።

«ሥራ ነው?»

«ሥራ ነው።»

ይህን ባልኳት ዕለት የሆነውን እናቴ ነገረችኝ፤ ቁጭ ብላ «ሥራ፣ ሥራ» ስትል አመሸች አሉ። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ሰው ሥራ አለሽ ሲላት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ፊቷን ትታጠባለች፣ ሻሿን ታስራለች፣ ከእኔ በፊት ክሊኒኩ በር ላይ ትቆማለች። «ዛሬ ሥራ አለ?» ትላለች። ወረፋው ሲበዛና ሰዉ ማቅማማት ሲጀምር «አለ» እላታለሁ። ገብታ ትቀመጣለች። አንድ እነቅላለሁ። «ኸላስ!» ትላለች። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ።

ማደንዘዣ መርፌ ነበረኝ፤ ከመጣ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ፣ ቶሎ የሚያልቅ። ለሰዎቹ ነበር የምወጋው። ለእሷ አልሰጠኋትም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሕመም አይሰማቸውም ይባል ነበር፤ ከሰፈር ሰው ብቻ ሳይሆን ከባልደረቦቼም አፍ ሰምቼዋለሁ። አመንኩ። ማመን ስለተመቸኝ አመንኩ። «ለማንኛውም የሚወልቁ ጥርሶች ናቸው» እያልኩም ራሴን አጽናና ነበር፤ ይህ ለመጀመሪያዎቹ እውነት ነው።

ለመጨረሻዎቹ ግን እውነት አይደለም። ሁለተኛው የሰሊጥ ወቅት ሲጋመስ የሚነቃነቁት አልቀው፣ ገና የጠነከሩት ብቻ ቀርተው ነበር። አንዱን መንጋጋ ለመንቀል ብዙ ታግያለሁ። ጉልበቴን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ነበር የሳብኩት። የእጇ ጣቶች የወንበሩን ብረት ጨብጠው ነጭ እስኪሆኑ አይቻለሁ። አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ጥንካሬ መሰለኝ። ወረፋው በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ መሃል ላይ ማቆም አሳፈረኝ። ሲወጣ እንደ ልማዷ «ኸላስ» አለች፤ ያን ቀን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ የእርሻው ኮከብ ሠራተኛ ተባልኩ። ካድሬው መድረክ ላይ ወጥቶ «ሠራተኛውን በሳይንሳዊ ዘዴ ወደ ምርት የመለሰ ጓድ» አለኝ። ወረቀቱን ስቀበል ከሰዉ ሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው እታለም ናት፤ አፏን በሰፊው ከፍታ እየሳቀች። አፏ ውስጥ ምንም አልነበረም።

እናቴ እስከዚያ ዝም ብላኝ ነበር። ዝምታዋ ያለቀው በጥንቅሽ ነው። ቆላ ከወረድን ጀምሮ እታለም ከጥንቅሽ የሚበልጥባት ነገር አልነበረም። ልጣጩን በጥርሷ ትገሸልጠዋለች፣ ጭማቂው በአገጯ እየወረደ ግማሽ ቀን ታኝካለች። በዚያ ዓመት አንድ እቅፍ አምጥተን ስንሰጣት አንዱን አንሥታ በድዷ ነከሰችው። ዞር አድርጋ ደግማ ነከሰችው። ከዚያ ዘንጉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትዳብሰው ጀመር።

«አየኸት?» አለችኝ እናቴ። «አፏስ? የምትናገረውን እኮ እኔ እናቷ መስማት አቃተኝ። ጎረቤት ቢያፌዝባት ችያለሁ፤ እኔ እንኳ እንዳልሰማት አደረግኻት።»

«እማ፣ ተይ እንጂ፤ ለማንኛውም ይወልቁ ነበር» አልኳት።

«አንተ ነህ የነቀልክ። ሂድና አንተው አስተክልላት!»

ይለፍ አውጥቼ፣ ኮንቮይ ጠብቄ ጎንደር ወሰድኳት። ያኔ መንገዱ በወታደር ካልታጀበ አይኬድም። አንድ ሸምገል ያለ የጥርስ ሐኪም ተቀበለን። እታለምን አስቀምጦ አፏን ለረጅም ጊዜ አየ። እንደሷ ጸጥ ብሎ የሚታይ ታካሚ አላጋጠመኝም አለ። ኩራት ተሰማኝ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ኩራት ተሰማኝ።

«ዕድሜዋ?» አለኝ።

«ሠላሳ አራት።»

«ድዷ ይደማ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አደረጋችሁ ታዲያ?»

«መፋቂያ አስቆምናት።»

እጁን ከአፏ አወጣ። «ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

«እዚያ ያለ... አንድ ጤና ረዳት» አልኩ።

«ያ ጤና ረዳት ደደብ ነው» አለ። «ድድ የሚደማው ስለማይጸዳ ነው። ደም ቢኖርም ቀስ ብለህ ታጸዳለህ እንጂ ይተዋል? እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ሰዎች ድዳቸው ከሌላው ሰው ቀድሞ ይታመማል፤ እጥፍ መጠንቀቅ ነበረባችሁ። ግማሹ ጥርሷ ዛሬ አፏ ውስጥ ይኖር ነበር።»

«ልክ ነዎት ጌታዬ» አልኩ።

ማን እንደነቀላቸው አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሠራላት እንደሚችል ነገረኝ፤ ግን ቶሎ መሆን አለበት አለ። ጥርስ የሌለው የመንጋጋ አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ከዘገየ የተሠራው ጥርስ የሚይዝበት ቦታ አይኖረውም። ወረቀት ጽፎ ወደ መዝገብ ክፍሉ መራን፣ ራሱም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር።

መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው በሥራ ላይ ላለ ሰው ነው፣ ለአምራቹ፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል አለችን። ፎርሙን መሙላት ጀመረች። የሥራ ዓይነት የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯን ይዛ እታለምን አየቻት፤ ለወጉ ያህል ነው የጠየቀቻት።

እታለም ከወንበሩ ቀና አለች። «ክሊኒክ» አለች። ያለ ጥርስ የምትለው ክሊኒክ ለሌላ ሰው ክሊኒክ አይመስልም። መዝጋቢዋ አልሰማቻትም። እታለም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደገና፣ ቃል በቃል፣ «እኔ። ክሊኒክ። ሥራ» አለች።

«ምን ነው የምትለው?» አለችኝ ልጅቷ።

እኔ በደንብ ሰምቻታለሁ። ሐኪሙም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። አዎ ትሠራለች ብል የት ክሊኒክ ይለኛል፣ ምን ሥራ ይለኛል። ኮከብ ሠራተኛው፣ ሳይንሳዊው ዘዴ፣ ደደቡ ጤና ረዳት ሁሉ አንድ ሰው ሆኖ እዚያ ክፍል ውስጥ ሊቆም ነው። አንድ እውነት ብናገር እህቴ ጥርስ ታገኝ ነበር። የሚጠበቅብኝ ማፈር ብቻ ነበር።

«ሥራ የላትም» አልኩ። «ቤት ነው የምትውለው።»

ልጅቷ «ጥገኛ» ብላ ጻፈች። ተራዋ ሲደርስ በእርሻው በኩል እንደሚጠሩን ነገረችን። ሐኪሙ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እታለም ከፎርሙ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፎርሙ ታይ ነበር።

በመልሱ ጉዞ ጭልጋ ላይ ኮንቮዩ ቆሞ ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆዋን ሳትነካ ቆይታ «ሥራ የለኝም?» አለችኝ።

«አለሽ እታለም፣ አለሽ እንጂ። ሴትዮዋ ስላልገባት ነው።»

ፊቷ በራ። ሻይዋን ጠጣች። እኔን ማመን እንደማያዋጣ ማንም አላስተማራትም።

ጥሪው አልመጣም። እናቴ ከጎንደር በመጣ መኪና ሁሉ ሹፌሩን ትጠይቃለች፤ እኔ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። እናቴ እንጀራውን በወጥ አርሳ፣ በእጇ እያላመች ታበላት ነበር። የእታለም አገጭና አፍንጫ ቀስ በቀስ ተቀራረቡ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእናታችን በላይ ያረጀች መሰለች። ጎንደር የነበረው ሐኪም የሰጠን ጊዜ ዓይኔ እያየ አለቀ።

አሁን እኔም አርጅቼ የራሴ ጥርሶች እያስቸገሩኝ ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት ሐኪም ጋ ሄጄ በወለቀው ቦታ ብረት አጥንት ውስጥ ተክሎ፣ ላዩ ላይ ጥርስ እንደሚሠራልኝ ነገረኝ። እንዲህ ሆነው ለሚወለዱ ሰዎችስ ይቻላል ወይ አልኩት። ይቻላል አለ፤ የብዙዎቹ ልብ ከልደት ጀምሮ ችግር ስለሚኖረው ቀድሞ መመርመር አለበት፣ አንዳንዶቹ በማደንዘዣ ተኝተው ነው የሚሠራላቸው፣ ከዚያም በኋላ ድዱ በየቀኑ መጽዳት አለበት፤ ለሁሉም አይሆንም፣ ግን ይሠራል። ደስ ሊለኝ በተገባ። ተናደድኩ። በልጁ ተናደድኩ፣ በንጹሕ ክፍሉ ተናደድኩ። «ዘመድ አለዎት?» ሲለኝ «የለኝም» አልኩት። ይህስ እውነት ነው፤ እታለም ከሞተች ብዙ ዓመት አልፏል።

ያኔ፣ ከጎንደር በተመለስን በዓመቱ፣ ሰሊጡ እንደገና ደረሰ። ሰዉ እንደገና ወረደ። እታለምን ክሊኒክ እንዳትመጣ እናቴ ከልክላት ነበር፤ እኔም በሰዎቹ ፊት እንዳትታየኝ እፈልግ ነበር። አንድ ጠዋት የአንድ ወሎዬ መንጋጋ ነቅዬ፣ ሰውዬው ጮሆ ግቢውን ስላናወጠው፣ ከኋላው የነበሩት አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ወደ በሩ ማፈግፈግ ያዙ። ልጠራቸው ቀና ስል እታለም በመሃላቸው አልፋ ገባች። ፊቷን ታጥባለች፣ ሻሿን አሥራለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች።

ከኋላ አንዱ «ኧረ ወገኖቼ፣ ምኗን ሊነቅል ነው?» አለ። ሳቅ ተነሣ።

እሷ አልዞረችም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እኔ ጭልጋ ላይ ሥራ አለሽ ያልኳት ሰው ነኝ።

ለሰዉ ጀርባዬን ሰጠሁ። የወሎዬውን ጥርስ ከሳህኑ አንሥቼ መዳፌ ውስጥ ሸሸግኩት። ጉጠቱን አስገብቼ ባዶ ድዷን ነካ ብቻ አደረግሁት፣ ክንዴን እንደሚታገል ሰው አወዛወዝኩ፣ ከዚያ ጥርሱን በጉጠቱ ጫፍ ይዤ ወደ በሩ ከፍ አደረግኩ። ሳቁ ጸጥ አለ። እታለም ያቺን ቃሏን ጮኸች፤ በማይሰማ አፏ ቢሆንም ጮኸች። አንዱ ሰው ቆቡን አውልቆ ወደ ውስጥ ተራመደ።

ከወንበሩ ስትነሣ እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ ሞቃት ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይገባው አነጋገር፣ ደስ ብሏት ነገረችኝ።

«ዛሬ አላመመኝም።»

የሰው ጥርስ በእጄ ይዤ ቆምኩ። ያመማት ሃያ ስንት ጊዜ እንደሆነ ልቆጥር ጀምሬ ነበር፤ ቆቡን ያወለቀው ሰው ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር፣ እኔም ወደሱ ዞርኩ።